ቢጫዋ ጽጌረዳና ቀጋው

አሽቀሎን ውስጥ ያቺን ምድር ቤት ያገኘሁት ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት፣ ከመስከረሙ በዓላት በኋላ ነው። ባሌ ሱዳን ቀርቷል፤ የስደተኞች መጠለያው ዳር ቀብረነው ነው የመጣነው። ስለዚህ እቃዬን ብቻዬን አስገባሁ፤ እቃውም ብዙ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ እዚያ ወሬ የለም። ቤት ስገባ ደግሞ የሚያናግረኝ የለም። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፄን የምሰማው ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰላምታ ስሰጥ ብቻ ነበር።

ከወጥ ቤቱ ኋላ ጠባብ የአሸዋ መሬት ነበረች። መሀሏ ላይ የደረቀ እሾሃም ቁጥቋጦ ቆሟል። ቦታውን ለጎመንና ለቃሪያ ፈለግሁትና አንድ ቀን ከሥራ እንደተመለስኩ ዶማ ይዤ ልነቅለው ገባሁ። ገና መቆፈር ስጀምር ከአጥሩ ማዶ ጩኸት መጣ።

«ሎ! ሎ!» አይሆንም ማለታቸው ነው።

ጎረቤቴ ናቸው። የሰፈሩ ሰው እንደሚለው ልጃቸውን ተከትለው በስተእርጅና ከሩማንያ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን ሴት። ዞረው በበሩ ገቡና ዶማውን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ አጎንብሰው የግንዱን ልጥ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

«ሐይ» አሉኝ። ከእኛው «ሕያው» ጋር ስለሚቀራረብ ወዲያው ገባኝ።

በዚያው ሳምንት የደረቀውን ሁሉ ቆርጠው ጣሉልኝ። ጉቶ የሚያህል ነገር ብቻ ቀረ። ገደሉት ብዬ አዝኜ ነበር። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትበረታ ግን ቡቃያ አወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ቢጫ ጽጌረዳ አበበች። ትልቅ፣ እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነች። ጎንበስ ብዬ ባሸታት ምንም የለም። ውሃ የማሽተት ያህል ነው።

ተናድጄ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ሳቁና ወደ ግቢያቸው ወሰዱኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጽጌረዳ ለእኔ አንድ ነገር ነበር። እሳቸው ዘንድ ግን እያንዳንዷ የራሷ ጠባይ ነበራት። ጥቁር ቀይዋ ሽታዋ ከሩቅ ይጠራል፤ ቅጠሏን ግን ዱቄት የመሰለ በሽታ ይወድዳታል። ወደ ብርቱካን የምታደላው የባሕሩን ጨዋማ ነፋስ ትችላለች። አጥሩ ላይ የምትወጣው ነጭ ሐረግ ሻይ ሻይ ትሸታለች፤ ሃምሲን፣ ያ የበረሃ ንፋስ፣ አንድ ቀን ከነፈሰባት ግን ዳር ዳሯ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቆርጠን ዝቅተኛው የአጥር ግንብ ላይ መደርደር ጀመርን። እሳቸው ዓይኔን አስጨፍነው ያስሸትቱኛል፤ እኔ የቷ እንደሆነች እናገራለሁ። ከዚያ የእሳቸው ተራ ይሆናል። እንከራከርም ነበር።

«ሽታ የሌላት አበባ ምኗ አበባ ነው?» እላለሁ።

«ሽታ ያላት ችኩል ናት። ነገ ጠረጴዛሽ ላይ ትረግፋለች። ያንቺዋ ግን ቆማ ትሰነብታለች።»

የሁለታችንም ዕብራይስጥ ስባሪ ነበር። እኔ «አት»፣ አንቺ፣ እላቸዋለሁ፤ ቋንቋው ለትልቅ ሰው የተለየ አጠራር የለውም። አፌ እያፈረ ነበር የሚለው፤ በልቤ ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ። እሳቸው «ሽኼና» ይሉኛል፣ ጎረቤቴ። እምቡጥ፣ እሾህ፣ ሥር፣ ነፋስ፣ እነዚህን ቃላት ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ቁመቷም ዕብራይስጧም ይጨምራል። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴን ሦስት አበቦች በብርጭቆ አቅርቤ፣ «እስቲ አሽትተሽ ለዪ» አልኳት።

«ኢማ፣ ስታም ቬሬድ» አለች። እማዬ፣ ጽጌረዳ ነው በቃ፣ ሌላ ምን አለው። ክፉ አልተናገረችም፤ ድክም ብሏት ነበር። ሶፋው ላይ ተኛች። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና ቆሜ ቀረሁ።

በበጋው ከቢጫዋ ግንድ ሥር፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ ሌላ ቀንበጥ ብቅ አለ። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እሾሁ ወደ ታች የታጠፈ። እንዳየሁት ዶማዬን ጣልኩ። ቀጋ ነው። በእኛ አገር ወንዙ ዳር አጥር ሆኖ የሚበቅለው፣ ውሃ ስንወርድ ፍሬውን እየለቀምን የምንበላው ቀጋ። ወይም ወንድሙ።

ጎረቤቴ ዓርብ ሲመጡ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁረጪው! ይኼ የዱር ጽጌረዳ ነው። ቢጫዋን እዚህ ግንድ ላይ ለጥፈዋት ነው ያደገችው። አሁን ግንዱ ለራሱ መውጣት ጀመረ። ከተውሽው ይገድላታል።»

«ትሙታ» አልኩኝ። «እሱን አውቀዋለሁ።»

«ምኑን ታውቂዋለሽ?»

ለመናገር ሞከርኩ። ወንዙን፣ እንስራውን፣ ከእህቶቼ ጋር እየተሻማን የበላነውን ቀይ ፍሬ። ቃሉ አልመጣልኝም። «የእናቴ ቤት» ብቻ አልኩ። አዩኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና አበቦቻቸውን ከግንቡ ላይ ሰብስበው ገቡ። ያን ዓርብ አላሸተትንም።

በሚቀጥለው ዓርብ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሱ። ቀንበጡን አንድ ጊዜ ብቻ በጎን ዓይናቸው አይተው አበቦቻቸውን ግንቡ ላይ ደረደሩ።

ከዚያ ጦርነት ተነሥቶ ሚሳይል የሚወርድበት ክረምት መጣ። ሁላችንም የጋዝ ጭምብል በሣጥን አንጠልጥለን የምንሄድበት ጊዜ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ከኢየሩሳሌም በመኪና መጥቶ እናቱን ሊወስድ ቸኮለ። ሻንጣቸው ተጭኖ ሳለ ወደ አጥሩ መጡና የመግረዣ መቀሳቸውን አቀበሉኝ። እጀታው በእጃቸው ልክ ተበልቷል።

«ወሩ አሁን ነው፣ ካለፈ አይሆንም» አሉ። «ቀይዋን አትዘኚላት፣ ዝቅ አድርገሽ ቁረጫት። ሐረጓን እንዳትነኪ፣ እሰሪያት ብቻ። ሁልጊዜ ወደ ውጭ ከሚያየው የቡቃያ ዓይን በላይ ቁረጪ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲያበቃ» አሉ።

ሁሉንም ገረዝኩላቸው። ሣጥኑ ትከሻዬ ላይ እየተንገዋለለ፣ ጎዳናው ጭር ብሎ፣ ከመቀሱ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ሳይኖር። ሥራው ደስ አለኝ፤ ስጨርስ ግን ለማን እንደማሳየው አላውቅም ነበር።

ጦርነቱ አበቃ፤ እሳቸው አልመጡም። ጽጌረዳዎቹ በዚያ ዓመት እንዳበቡት አብበው አያውቁም። የእኔም ቀጋ አበበ፤ ነጭ፣ ስስ፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው። ሽታው የወንዙ ዳር ሽታ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ምናልባት ሌላ ነው። የሚያረጋግጥልኝ ሰው አልነበረም።

በበጋው ልጃቸው ብቻውን መጣ። እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከእሱ ጋር ይኖራሉ፤ ቤቱን ሊሸጠው ነው። «የምትፈልጊውን ቁጥቋጦ ውሰጂ» አለኝና አድራሻውን ሰጠኝ። ጊዜው ለመንቀል የሚሆን አልነበረም፤ ሙቀቱ አፈሩን አጋግሎታል። ቢሆንም ከመጥፋት ይሻላል ብዬ ቆፈርኩ። ቀይዋና ሐረጓ ያዙልኝ። ብርቱካን መሳይዋ፣ ነፋሱን የምትችለው፣ በሳምንቱ ደረቀች። አዲሶቹ ባለቤቶች ግቢውን ለመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ አስነጠፉት።

በሚቀጥለው ጸደይ ከቀይዋም ከነጯ ሐረግም ከቀጋውም ቆርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ኢየሩሳሌም ተሳፈርኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ልጃቸው ከፍቶልኝ ወደ ሥራው ወጣ። ጎረቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አነስ ብለውብኛል። አቅፈው ሳሙኝ።

አበቦቹን ጭናቸው ላይ ደረደርኩ። ቀጋውን አነሡና አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ዱሩ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ቢጫዋስ?»

«ሞተች።»

«ነግሬሽ ነበር» አሉና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጯን ወደ አፍንጫቸው አስጠጋሁ። ብዙ ሳቡ።

«ቀይዋ» አሉ።

«ናኾን» አልኳቸው፣ ልክ ነው። እጄ ላይ ያለችውን ነጭ አበባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከቀይዋ ጋር ቀላቀልኳት።

አበቦቹን አሽትተን ስንጨርስ ወሬያችንም አለቀ። የምንነጋገርበት ዕብራይስጥ አልነበረንም። የእኛ ቃላት ሁሉ የግቢ ቃላት ነበሩ፤ እዚያ ደግሞ አፈርም ነፋስም የለም። ስለ ዳሌያቸው ልጠይቅ ፈልጌ ዳሌ ምን እንደሚባል አላወቅሁም። እሳቸውም አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው በሩማንኛ ጨረሱት። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሼ ጠይቄያቸዋለሁ። በሦስተኛው፣ በተከታዩ ጸደይ፣ በሩን የከፈተችልኝ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት፤ የልጃቸው ሚስት። አበባዬን አየች፤ እኔን አየች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ሽኼና ነኝ፣ ከአሽቀሎን።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሮጊቷ ከፋሲካ በፊት አርፈዋል። ቀብረው፣ ሰባቱን የለቅሶ ቀናት ተቀምጠው ጨርሰዋል። ለእኔ መንገር እንዳለበት ያወቀ ሰው አልነበረም፤ በማንም አልፈርድም። አስገብታ ውሃ ሰጠችኝ። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ፣

«ትቀራረቡ ነበር ማለት ነው» አለች። «ስለ እኛስ ምን ይሉሽ ነበር?»

አሰብኩ። ስለ ልጃቸው፣ ስለ እሷ፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ ሩማንያ አንድም ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም፤ እኔም ስለ ባሌ አንሥቼላቸው አላውቅም።

«በደህና ያነሷችሁ ነበር» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ውሃውን ጠጥቼ ጨረስኩ፣ አመስግኛት ተነሣሁ፤ ደረጃውን ይዤ ወረድኩ።