ቤት የሌለበት ካርታ

ጠዋት ጠዋት ሳይክል እነዳለሁ። ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ኮርስ የሚሉት ዓይነት ነው። በዚህ ዕድሜ ምን ነካህ የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ ሲለኝ እኔ አልፌው ሄጃለሁ። ከላፍቶ እነሳና በሀይሌ ጋርመንት አድርጌ ወደ ፉሪ እወርዳለሁ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ዳገት አለው። ቢኖረውም ወደ ከተማው መሄድ መውጣት ነው፣ ወደ ፉሪ መሄድ መውረድ ነው። እኛ ስንል የኖርነው እንደዚህ ነው።

በዚያ ሰዓት ታክሲው ገና አልተንጫጫም። ጭጋጉ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። እሱን እየሰነጠቅሁ ስሄድ ጎማው ስስ ድምፅ ያወጣል፣ ጎረቤት ቤት ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ የሚሰማ ዓይነት። እግሬ ሳላዘው ይዞራል። ሰው ነቅቶ የሚያየው ሕልም ካለ ይሄ ነው እላለሁ።

ሀና ማርያምን አልፎ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ፣ የቤተሰቤ ማሳ ነበር። ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ እንዘራበት ነበር። እዚያ ጋ ስደርስ ሕንፃው እንደ ጢስ ይሳሳብኛል። ከኋላው ማሳው ብቅ ይላል።

አንድ ቀን እንዲህ እንደሆንኩ ታጠፍኩ። በሽምብራው መሃል ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ አባቴ በኦሮምኛ «ካራ» የሚለው የእግር መንገድ ነበረን፤ እሱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ደስ እያለኝ ሄድኩ። ስባንን አንድ የድንጋይ አጥር ሥር ቆሜአለሁ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሕንፃ፣ አንድ ዓይነት በረንዳ፣ አንድ ዓይነት የተሰጣ ልብስ። ከየት እንደመጣሁ ጠፋኝ። የግቢው ዘበኛ «አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?» ቢለኝ «ወንዙን» አልኩት። ሰውየው ስልኬን ተቀብሎ ልጄ ጋ ደወለ።

ልጄ ሀይሌ ጋርመንት የልብስ ሱቅ አላት። የምንኖረው አብረን ነው። ያን ቀን ሱቋን ዘግታ መጥታ ወሰደችኝ።

«አባዬ፣ ከሁለት አንዱ ነው» አለች ቤት ስንገባ። «ወይ መንገድ የሚያሳይ ጂፒኤስ ሳይክልህ ላይ ታስራለህ፣ ወይ ሳይክሉ ይሸጣል።»

«የኔን ሳይክል ማን ነው የሚሸጠው?»

«እኔ ነኛ!»

በማን እንደወጣች አውቃለሁ። ካለች ትሸጠዋለች። ያለ ሳይክል ደግሞ እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቶ መንገደኛ የሚቆጥር ሽማግሌ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም። ስለዚህ ወደ ጎፋ ሄድን።

ጎፋ የሳይክል ዕቃ የሚሸጥ ጎልማሳ አለ። ጎማም ሰንሰለትም የምገዛው ከእሱ ስለሆነ ደህና አድርጎ ያውቀኛል። ሁለት ዕቃ አወጣልን። አንደኛው ትልቅ፣ ባለ ቀለም ነው፤ መንገዱንም ቤቱንም ሥሎ ያሳያል፣ ያለሁበትንም ለልጄ ስልክ ይልካል። ሁለተኛዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። ካርታ የላትም። ነጭ ላይ መስመር ታሰምራለች፣ በቃ።

ልጄ ትልቁን አነሳች። «ይሄ ነው! ሱቄ ቁጭ ብዬ የት እንደደረስክ አያለሁ።»

«እኔ ከጂቡቲ የምትጠብቂኝ ኮንቴነር ነኝ እንዴ?»

«ኮንቴነርማ የሚደርስበትን ያውቃል።»

ሻጩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ጋሼ፣ ይዘውት ይሂዱና ይሞክሩት። ካልተስማማዎት ይመልሱታል። ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ እሱን ይተዉት፣ ቀስቷን ብቻ ይዩ። ቀስቷ ወደ ላይ ካለች፣ ይሂዱ ነው።»

ወደ ላይ ካለች ይሂዱ። ያዝኩ።

በማግስቱ ልጄ ባጃጅ ይዛ ተከተለችኝ። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ወደ ፉሪ ልወርድ ስል ዕቃውን አየሁ፤ ቀስቷ ወደ ላይ ናት። ላይ ከሆነ እንግዲህ ወደ ከተማው ነው። የተባልኩትን ላድርግ ብዬ ዞርኩ። ዞሬም አየሁ፣ አሁንም ላይ ናት። እንግዲያው ትክክል ነኝ ብዬ ቀጠልኩ።

ባለባጃጁ አጠገቤ መጥቶ ክላክሱን ነካ አደረገ። «ፋዘር፣ ፉሪን አዛወሩት እንዴ?»

ልጄ ከኋላ አንገቷን አወጣች። «አባዬ! ወዴት ነው?»

«ላይ!»

«ፉሪ ላይ ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው! ዕቃሽን ጠይቂው!»

እንደዚያ እየተጯጯህን ጎፋ ደረስን። ሻጩ ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር። ነገሩን ስነግረው በሩን ተደግፎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ማለት እኮ ፊት ለፊትዎ ማለት ነው። ወዴትም ቢዞሩ ፊትዎ ላይ ነው።»

«ፊቴ ወደ ፉሪ ሲዞርማ ታች ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ ታች ነው።» እዚህም እዚያም ነካካውና ካርታው መሽከርከሩን ተወ። አናቱ እንጦጦ፣ ግርጌው ፉሪ ሆኖ ቆመ።

«አሁን ሰው ሆነ» አልኩ።

ልጄ በቃ ተገላገልን ብላ ነበር። እኔ ግን ባለቀለሙን አልወደድኩትም። የሁሉንም ሰው ጣሪያ እየሣለ ያመጣብኛል፤ ዓይኔ ይጨናነቃል። «ትንሿን ሳልሞክር አልገዛም» አልኩ። እሷ «ወይ ድርቅና!» አለች፤ ሻጩ የትንሿንም አናት ወደ እንጦጦ አድርጎ ሰጠኝ። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ከፊት በባጃጅ እየመራች እስከ ፉሪ መስመሩን አሰመርን። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን መስመሩን ተከትዬ መመለስ አለብኝ፤ ከጠፋሁ የሳይክሉ ነገር አበቃ። ስምምነታችን ይሄ ነበር።

ብቻዬን የወጣሁ ቀን ጭጋጉ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይብስ ነበር። ሀና ማርያምን እንዳለፍኩ ወደ ዕቃዋ ዝቅ ብዬ አየሁ። ነጭ። ቤት የለም፣ አስፋልት የለም፣ አጥር የለም። አንዲት ቀጭን መስመር፣ እሷ ላይ የምትሄድ ጥቁር ነጥብ። ነጥቧ እኔ ነኝ። ቀና ስል ዙሪያዬም ነጭ ነው። የቱ የዕቃዋ፣ የቱ የጭጋጉ እንደሆነ መለየት ተውኩ።

ከዚያ ሽምብራው ሸተተኝ። እሸት ሲነቀል እጅ ላይ የሚቀረው ያ ኮምጣጣ ነገር አለ አይደል፣ አፌ ውስጥ መጣ። አባቴ ከፊቴ ይሄዳል፤ ጀርባውን ብቻ ነው የማየው፣ ጋቢው በጤዛ ርሷል። ዞሮ አይጠራኝም፣ እንደምከተለው ያውቃል። መሪውን ወደ ካራው አዞርኩ። ነጥቧ ከመስመሩ ወጣች። ምንም አላለችም፣ አልጮኸች፣ አልተቆጣች፤ ቀስ እያለች ወደ ነጩ ገባች። ምን ያህል እንደሄድኩ እንጃ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ!»

ድምፁ ከሰማይ መጣ። ሽምብራ መሃል ከላይ የሚጠራኝ ማነው ብዬ ፍሬን ያዝኩ። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ልብስ ታሰጣለች። የፊት ጎማዬ ከግንቡ ሥር ቆሟል።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ወደ ዕቃዋ ዝቅ ብዬ አየሁ። መስመሩ ትቼው የሄድኩበት ቦታ ላይ እንደተሰመረ ነበር። በእሱ ተመለስኩ።

ልጄ ሱቋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አይታኝ በረጅሙ ተነፈሰች። «ተመለስክ! ትንሿም ትበቃለች ማለት ነው።»

«ጎፋ እንሂድ» አልኳት።

ሻጩ ትንሿን ከእጄ ሲቀበል አገላብጦ አያት። «ምን አጠፋች ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋችም። ደስ ትላለች።»

«ደስ ካለችዎት ምነው መለሷት?»

«እሷን ይዤ ከሄድኩ አንድ ቀን አልመለስም። ያንን ቤት ቤቱን የሚያሳየውን ስጠኝ።»

ልጄ አየችኝ።  ትልቁን አንስታ መሪዬ ላይ ታስር ጀመር።

«ጠበቅ አድርጊው» አልኳት። «ፉሪ ስወርድ መንገዱ ያንገጫግጫል።»