በዚያ ዓመት ምን ይስል ነበር?

ታላቅ ወንድሜ «አልመጣም» ካሉ አልመጡም ማለት ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ዛሬ ሳን ሆዜ ይኑሩ እንጂ፣ ድሮ ኦክላንድ አንድ ቤት ሳለን፣ እኔ ሺፍት ላይ ሺፍት ስደርብ ልጄን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «አባባ» ነው የምትላቸው።

ልጅቷ በርክሌ ስትገባ ነርስ ትሆናለች ብለን ነበር። የሥዕል ታሪክ እማራለሁ አለች። ይሁን! ለዶክትሬቷ ልታጠናው የመረጠችው ሰው ደግሞ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሆኖ አረፈው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አያታችንን ጣሊያን ከአስመራ አጠገብ ካለች መንደራችን ለወረራው ጦርነት ወታደር አድርጎ ወስዶ አስቀርቶታል፤ የት እንደወደቀ እንኳ አናውቅም። በማግስቱ ደውለው «በዓለም ላይ ሠዓሊ አልቆ ነው?» አሉኝ። እኔም ውስጥ ውስጡን እንደዚያው ነበር የምለው።

ሥራዋን በሕዝብ ፊት የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ ልጄ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። አባባ ካልመጡ፣ ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ ቢያጨበጭቡላት ደስ አይላትም። በየቀኑ ኮል አደረግኩላቸው። «እናያለን» እንኳ አላሉኝም።

ቀኑ ደረሰ። ከፊት ተቀመጥኩና አጠገቤ ያለውን ወንበር በነጠላዬ ያዝኩላቸው። ልጄ ጀመረች። ሠዓሊው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ፍጥነት ካሳበዳቸው ወጣቶች ጋር ገጥሞ ባቡርና ሞተር ይስል ነበር። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ግን ጩኸት አንገሸገሸው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጠና ጠርሙስ፣ ማሰሮ፣ ጎድጓዳ ሳህን ይስል ጀመር፤ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ጠርሙስ! ይሄ ሁሉ ትምህርት ለጠርሙስ ነው እንዴ ልል ነበር፤ ግን ያን አቧራ የለበሰ ነጭ ቀለም ሳየው ሳየው ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። የፋሽስቶቹ መንግሥት ሥዕሎቹን በትልልቅ ኤግዚቢሽኖቹ ላይ ሰቀለለት፤ የአስተማሪነት ሥራም ሰጠው። እሱም ተቀበለ።

እዚህ ላይ ስትደርስ የኋላው በር ተከፈተ። ጋሼ! ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ልጄ ንግግሯን አቋረጠች፤ ከቆመችበት መድረክ ወረደችና ጎንበስ ብላ «ኖር!» አለች። እኔ ብድግ። ፕሮፌሰሮቹም እርስ በርስ ተያዩና ብድግ አሉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሼ በአማርኛ። ወይ ጉድ፣ ሁሉም ተቀመጠ! ነጠላዬን ከወንበሩ አንሥቼ ጋሼን አጠገቤ አስቀመጥኩና ሳቄን አፈንኩበት።

ንግግሯ አልቆ ጥያቄ ያለው ሲባል ጋሼ ከዘራቸውን አነሡ።

«ወታደሮቻቸው አገራችንን ሲወሩ፣ አያቴን ሲወስዱት፣ ይሄ ሰውዬ በዚያ ዓመት ምን ይስል ነበር?»

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን ስላይዷን ወደ ኋላ መለሰችና አንድ ሥዕል ላይ ቆመች። ሦስት ጠርሙስና አንድ ማሰሮ።

«ጠርሙስ፣ አባባ» አለች በአማርኛ፣ እየተደነቃቀፈች። «ጎበዝ ሠዓሊ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሰው ሲያልቅ እሱ ዝም አለ። እኔ የጻፍኩት ስለዚህ ዝምታ ነው።»

ከዚያ ጥያቄውንም መልሷንም ለአዳራሹ በእንግሊዝኛ ተረጎመች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ነርስ ብትሆን ኖሮ ይህን ማን ይነግራቸው ነበር?

ጋሼ ሥዕሉን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደማያውቁት አጠገባቸው ወደተቀመጠ ፈረንጅ ዞሩና፣ ባለቻቸው እንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለው «ልጄ ናት» አሉት።

እናቷ እኔ እዚያው በሌላ ጎናቸው ተቀምጫለሁ። አላረምኳቸውም።