በቀይ እስክሪብቶ የመለስኩት ደብዳቤ

ወንድሞች፣ እኅቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈቃድ ጠይቄ ቆሜአለሁ። ንግግሬ ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቃል ይጠፋብኛል፤ ታገሡኝ። የምነግራችሁ የሚያኮራ ነገር አይደለም። የበደልኳት ልጄም እዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ የካ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። አባቴ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ሊያስተምረኝ አልቻለም። የቀረውን በራሴ አንብቤ፣ በግል ተፈትኜ መምህር ሆንኩ። በራሴ ስለ ተማርኩ የማመሰግነው ያለ አልመሰለኝም፤ እግዚአብሔርንም ጭምር። ያደግኩበትን የየካ ሚካኤልን አጥቢያ ልነቅፍ አልቆምኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ አይጠፋም ነበር። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች እንዳሉን ታውቃላችሁ። በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ፣ በዓይኑ ዐ ፈንታ አልፋውን አ የጻፈ ልጅ ከእኔ ማርክ አያገኝም። ሥርዓት መልካም ነው፤ ዛሬም እላለሁ። ግን ደብተር ሳርም ስሕተቱን እንጂ የጻፈውን ልጅ አላየሁም። አንዱ በድርሰቱ "እናቴ ታማለች" ብሎ ቢጽፍልኝ፣ አንድ ም ጎድሏል ብዬ "ታምማለች" በሚል አርሜ መለስኩለት። እናቱ እንዴት እንደ ሆነች አልጠየቅኩትም።

ልጄ ትዕግሥት መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ያን ሥራዋን እንደ ሥራ አልቆጠርኩላትም ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በአንድ ቤት እየኖርን የጻፈችው ፊት ለፊት መናገር ስለ ፈራች ነው። ጌታን ተቀብያለሁ፣ ደብቄዎት ስለ ቆየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ በሠርጌ ቀን ካልመረቁኝ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም ትላለች። አነበብኩት። ከዚያ ያደረግኩትን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን የቆምኩት ልናገረው ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። ኃጢአት የሚለውን አረምኩ። ምሕረት የሚለውን አረምኩ። መጨረሻው ላይ "ትግስት" ብላ ፈርማለች፤ እኔው ያወጣሁላትን ስም። ዓይኑ ዕ የለም፣ ንጉሡ ሥ የለም። እሱንም አረምኩ። ከታች "ከዐሥር ሦስት" ብዬ ጽፌ አልጋዋ ላይ አኖርኩት።

ባለቤቴ አይታው፣ "አንተ ሰው፣ ልጅህ እኮ ናት፤ ተማሪህ አይደለችም" አለችኝ።

"ተማሪዬ ብትሆንማ ስሟን ትጽፍ ነበር" አልኳት።

ትዕግሥት ያለ እኔ ምርቃት ተዳረች። ስድስት ዓመት ደጄን አልረገጠችም። እኔም ልክ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጡረታም ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ እወጣ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት ካርቶን ላይ "ቆሎ ዓለ" ብላ ጽፋ አየሁ። ቆሜ፣ አለ የሚጻፈው በአልፋው አ ነው ብዬ አስተማርኳት።

"ጋሼ፣ በየትኛውም ይጻፍ፣ ቆሎው አለ" ብላ ሳቀችብኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ቃል የለም። ቀኝ እጄ ከዳኝ። መሬት ሳልመታ የያዘችኝ ያቺው ሴት ናት። ጌታ ይመስገን።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። የሚባለውን ይሰማል፣ ንግግሩ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፣ ለጽሕፈቱ ግን ቃል አልገባም ብሎ ለባለቤቴ ነገራት። አንድ ቃል ብቻ ቀርቶልኝ ነበር፤ ምንም ልናገር ብል የሚወጣው እሱ ነው። "ስሕተት።" ውኃ ስፈልግ ስሕተት። ነርሷ እንዴት አደሩ ስትለኝ ስሕተት።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥት መጣች። አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ "አባባ፣ ትዕግሥት ነኝ" አለችኝ።

"ስሕተት" አልኳት።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ተመለሺ ልላት ስታገል፣ "ስሕተት፣ ስሕተት" እያልኩ ከኋላዋ ጮኽኩ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሌላውን ሳርም የኖርኩት እኔ ራሴ ሳልታረም ላልፍ እንደማልችል ገባኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ። የጸለይኩት ባለኝ ቃል ነው። "ስሕተት" አልኩ። የእኔ ስሕተት ልል ነበር፤ "የእኔ" የሚለው አልወጣም። ግን ተሰማ፤ ስሙ ይባረክ። በምን ዐወቅክ ብትሉኝ፣ ልክ ነኝ እያለ ስድስት ዓመት ሲሟገት የኖረው ልቤ ዝም አለ።

ትዕግሥት በማግስቱ ተመለሰች። ለካ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አግኝቷት፣ ለአባትሽ የቀረለት ቃል እሱ ብቻ ነው ብሎ አስረድቷታል።

ቤት ከገባሁ በኋላ ከሥራ ስትወጣ በታክሲ እየመጣች፣ የሕፃናቱን የፊደል ገበታ ዘርግታ ከሀ ሁ ጀመረችልኝ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። አንድ መስመር ስጨርስ፣ "ጎበዝ! ለአባባ አጨብጭቡላቸው" ትላለች፤ ከባለቤቴ በቀር የሚያጨበጭብ የለም። ከአራት ወር በኋላ ገበታውን ሳላይ የመጀመሪያውን ቃል ጻፍኩ። ወረቀቱ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። "ትግስት" ይላል። ስሕተት እንዳለበት ዐውቄአለሁ፤ የትኛው ፊደል እንደ ጎደለ ግን ጠፋብኝ። ልቀድደው ስል እጄን ያዘችው።

"ይተዉት አባባ፤ ይነበባል" አለችኝ።

ያን ጊዜ "የእኔ" የሚለው ቃል ተመልሶልኝ ነበር። "የእኔ ስሕተት ነው፤ ይቅር በዪኝ" አልኳት። ይቅር አለችኝ። ጌታ ይመስገን። የሠርጓ ፎቶ ላይ ግን የለሁም፤ እሱ አይታረምም።

ቀኝ እጄም እንደምታዩት እንደ ሰለለ ነው። ፊደል መለየቱ ግን ተመልሶልኛል፤ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ ሁለት ፊደል ተሳስቷል፤ ወደዚህ ቤት መምጣት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ ይህም የጌታ ሥራ ነው።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አርሙ፤ ግን አስቀድማችሁ አንብቧቸው። ንስሓ ልትገቡ ፈልጋችሁ ቃላችሁ እስኪያምር የምትጠብቁ ደግሞ፣ እኔም እግዚአብሔር እንደ እኔ ያለ መምህር መስሎኝ ነበር። አይደለም። እንደ ተሰረዘ፣ እንደ ተበላሸ አምጡለት። ይነበባል።