የተወለወለችው አንድ ጎራሽ

ቆይ-እስኪ ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ ጠመንጃ ይዞ ደጁ የሚመጣውን ሁሉ ገና አፉን ሳይከፍት «ቆይ እስኪ» ስለሚለው ሠፈሩ ይህንኑ ስም አድርጎ ሰጠው። ሙያው ጠመንጃ ጥገና ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ፣ ከሞርሳው ጀርባ የዘይት ጣሳና የአፈሙዝ ብሩሾች፤ ሠላሳ አራት ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ጥፋት ሲያቃና ኖሯል።

ጥፋት ስል የጠመንጃውን አይደለም፣ የባለቤቱን ነው። ሰው እኮ ጉድ ነው። አንዱ ያባቱን ባለሁለት አፍ ይዞ ይመጣና የሩቅ ማያ መነጽር ካልተገጠመልኝ ብሎ ድርቅ ይላል። ይህ እኮ ለቅርብ አደን የተሠራ ነው ሲሉት ያኮርፋል። ሌላው ሰደፉን እንደ ቁም ሳጥን ቫርኒሽ ለቅልቆ ያመጣዋል። ከሁሉ አንጀቱን የሚያሳርረው ግን ብረቱን ፈግፍጎ የሚመጣው ነው። የድሮ ጠመንጃ ታሪኩ ያለው ላዩ ላይ ነው፤ የፋብሪካው ምልክት፣ ዓመቱ፣ የፈተሸው ሰው ማኅተም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩ። ቁጥር የሌለው ጠመንጃ በየሦስት ዓመቱ የሚደረገውን የፈቃድ እድሳት አያልፍም፤ የፈቃድ ቢሮው ይወስድና ለማቅለጫ ይልከዋል። ይህን ለስንቱ ነገረ። ምላሱ እስኪዝል ነገረ። ሲሰለቸው ጊዜ «ብረት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ» ብሎ በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

የራሱ የሚላት አንዲት ጠመንጃ አለችው፤ ባንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ አሮጌ አንድ ጎራሽ። ከሙያ አባቱ ነው ያገኛት። ሽማግሌው ቆይ-እስኪን በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሲቀበለው ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጥረግ በቀር ምንም አላስነካውም ነበር። ምልክት ማንበብ ያስተማረው በእሷ ላይ ነው፤ ጣቱን ይዞ ብረቱ ላይ እየመራ፣ ይቺ ምንድን ናት፣ ያቺስ፣ እያለ። ሲሞት ለልጆቹ ቤቱን፣ ለእሱ ጠመንጃዋን ተወለት። ሽማግሌው ፎቶ እንኳ አልነበረውም፤ ከእሱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ዘንድሮ የእድሳቱ ወር ሲደርስ ቆይ-እስኪን ወገቡ ያዘውና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደረሰለት። ላሜራ ቤት ነው የሚሠራው፤ የተጨማደደ መኪና አቃንቶ፣ ቀብቶ፣ ፊት እስኪታይበት ድረስ ይወለውለዋል። ደግ ሰው ነው። ጠዋት ማታ እየመጣ ሕመምተኛውን ደግፎ የሚያስነሣው እሱ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከአልጋው አጠገብ ቆመና፣

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንህን ጨፍን» አለው።

ጨፈነ፤ ከፈተ። ጭኑ ላይ የተጋደመችው ጠመንጃ እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች። ጣቱን በብረቱ ላይ ሰደደ። ለስላሳ ነው። ገለበጣት፤ ያም ለስላሳ ነው። ዓመቱ የለ፣ ማኅተሙ የለ፣ ቁጥሩ የለ።

«ቢሮ ስትወስዳት እንዳታሳፍርህ ብዬ ነው። ሁለት ቀን ፈጀችብኝ» አለ ወንድምዬው እጁን እያሻሸ። «ደግሞ እንደ ጻፍከው ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት አላስነካኋትም። በማሽን ብቻ ነው።»

አሁን ይህን ሰው ምን ይሉታል? ጠላት ቢሆን ይራገሙታል። ሰክሮ ቢሆን ይሰድቡታል። ሠላሳ አራት ዓመት በደንበኛ ላይ ሲወርድ የኖረው ቁጣ የሚያርፍበት አጣ። «ደክመሃል፣ ሂድ እረፍ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሚስቱ ወዲያው ገብቷታል። ወንድሟ እስኪወጣ ጠብቃ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ቁጥሩን በቃልህ ታውቀው የለ?»

«ታዲያስ።»

«የቁጥር መምቻውም መሳቢያህ ውስጥ አለ። መልሰህ ምታበታ። የሌላ አይደል፣ የራሷ ቁጥር ነው።»

«ወንጀል ነው።»

«የማንን ነገር ሰረቅክ?»

ደግሞ እውነቷን ነው፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያናደደው።

በማግስቱ ወገቡን ጠፍሮ አስሮ ሱቁ ገባ። ጠመንጃዋን ሞርሳው ላይ አጠበቀ፤ የሰባት ቁጥሩን መምቻ ከቦታው ላይ ደገነና መዶሻውን አነሣ። ይሄኔ ያቺ ባልቴት ትዝ አለችው። አምና የሟች ባሏን ጠመንጃ ይዛ መጥታ ነበር። ቁጥሩን ዝገት በልቶታል፤ አሮጌው ፈቃድ ላይ ግን በግልጽ ተጽፏል። ይኸው፣ ይህንኑ ምታልኝ፣ ሌላ አላልኩህም፣ ብላ ለመነችው። «እናቴ፣ ሕግ አይፈቅድም» ብሎ መለሳት። በር ላይ ቆማ ስታለቅስ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም፤ ሥራ የያዘ መስሎ ብሩሽ ያጥብ ነበር። መዶሻውን አስቀመጠ። ደግሞ አነሣው። መልሶ አስቀመጠውና ሴትዮዋንም፣ ሕጉንም፣ ማሽን የሠራውንም ሰው በሆዱ ረገመ።

የቀጠሮው ቀን ወንድምዬው ክንዱን ደግፎ እስከ ቢሮው በር አደረሰው። ውስጥ ብቻውን ገባ። ጸሐፊዋ ጠመንጃዋን አገላብጣ አየች።

«ቁጥሯስ?»

በቃሉ ነገራት።

«ብረቱ ላይ የሌለውን መጻፍ አልችልም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ነገርኩሽ እንጂ ጻፊ አላልኩሽም።»

ማስረከቢያው ላይ ፈረመ። ጸሐፊዋ ለማቅለጫ ወደ ተከመሩት ይዛት ስትሄድ መስኮቱ ዘንድ ቆም አለች።

«ስታምር» አለች። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ ዝገት ነው። እንዲህ ተይዛ የመጣች አላየሁም። ማን ነው የወለወላት?»

«የሚስቴ ወንድም።»

«ተባረክ ይበሉልኝ።»

ባዶ እጁን ሲወጣ ወንድምዬው ከደረጃው ተነሥቶ ሮጠና ክንዱን ያዘው።

«አስቀሯት እንዴ? ምን አሉ?»

መንገዱን ሙሉ ያሰናዳው ስድብ ነበር።

«ጸሐፊዋ ተባረክ ብላሃለች» አለው።