ስሟ የማይጠራ ሥር

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የምፈራው አበባ ነው። ጅብ አልፈራም፤ የአሰላን ብርድም ከለመድኩት ቆየሁ። ጭላሎ ተራራ ላይ የምትበቅል አንዲት ሰማያዊ አበባ ግን እስካሁን በሕልሜ ትመጣብኛለች። ባለቤቴ «የባዮሎጂ አስተማሪ አበባ ፈራች!» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እሱ ያቺን ላም አላያትም።

ከደሴ ተመድቤ አሰላ ስመጣ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ቀረሁ። ተማሪዎች ይዘን ጭላሎ የወጣነው ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። የገብሱን ማሳ አለፍን፣ የኮሶውን ዛፍ አለፍን፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ከፍታ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈና ተዳፋቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ታየን። ልጆቹ ጮኹ። ቁመቷ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ቅጠሏ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣት ጣት ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ከእያንዳንዱ አበባ ኋላ ትንሽ ጭራ ወጥታለች። ሽታዋ ደግሞ ደስ ይላል። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ መርዝ መሽተት ያለበት እንደ መርዝ ነበር።

በውጭ አገር ተራሮች ላይ ቆብ የደፋች የምትመስል፣ የመነኩሴ ቆብ እያሉ የሚጠሯት ገዳይ አበባ አለች። እኛ ዘንድ አትበቅልም። የእኛዋ እህቷ ናት፤ ቆብ የላትም፣ ጭራ ግን አላት። ለተማሪዎቼ ቆብም ብታዩ ሽሹ፣ ጭራም ብታዩ ሽሹ እያልኩ አስተምራለሁ። ከሥሯ እስከ ፍሬዋ መርዝ ናት። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ምላስ፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል፣ በመጨረሻ ልብ ይዘገያል። አበባዋ እያለ ማንም ይለያታል። አበባዋ ረግፎ ቅጠሏ ብቻ ሲቀር ዓይን ያለው ሰው ይለያታል። ሥሯ ብቻዋን ከቀረች ግን እኔም አላውቃትም።

ያን ቀን ልጆቹ ሊቀጥፉ ተሯሯጡ፤ ከፊት የነበረችው ልጅ ድንገት ቆመች። አበባው መካከል ላም ተጋድማለች። ሆዷ ተነፍቷል፣ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ከንፈሯ ላይ የሰማያዊ አበባ ቁራጭ ተለጥፏል። ፈንጠር ብሎ ባለቤቷ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ነበር የሚመስለው። ልጆቹን አሰልፌ፣ አንድም ቅጠል ሳላስነካቸው ወደ ታች አወረድኳቸው።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። አብረን ነው የምንኖረው። ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት ወገን ናቸው፤ አማርኛና ኦሮምኛ አፋቸው ውስጥ ተጋብተው የሚኖሩ፣ ቀልድ የሚያውቁ፣ ግን አንዴ ካሉ የማይመለሱ ሴት። ቁርጥማት ጉልበታቸውን ከያዘው ቆይቷል። ስለ ጉልበታቸው የሚያወሩት እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ «ዛሬ ተቆጥቷል፣ አያናግረኝም» ይላሉ። ኪኒኑን ውጠዋል፣ ቅባቱን ተቀብተዋል፣ ጠበሉን ተጠምቀዋል። ብርዱ ሲብስ ሌሊቱን ሲያቃስቱ እሰማቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁና ያመኛል።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ወጥ ቤት ስገባ ከመደርደሪያው ጥግ ፌስታል አገኘሁ። ውስጡ ሥር ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ ጭቃው ታጥቦ የተወለወለ፣ እንደ ሕፃን ጣት የቀጠነ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የጉልበት ነዋ! ሳጉሬ ገበያ ከአንዲት ሴትዮ ገዝቼው ነው።»

«ስሙስ?»

ፌስታሉን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። «ስሙ አይጠራም፣ የኔ ሊቅ። ከተጠራ ይረክሳል።»

የኔ ሊቅ የሚሉኝ ሲያሾፉብኝ ነው። ነገሩን ግን የምር ነው የተናገሩት። መድኃኒት ስሙ ሲወጣ ኃይሉም አብሮ ይወጣል ብለው ያደጉ ናቸው፤ የእኔም እናት እንዲሁ ናት። ቋንቋችንም አያግዘንም። ዶክተር የሚያዝልን መድኃኒት ነው፣ ስንዴ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው፣ ሰው ሲመርዙትም መድኃኒት አበሉት እንላለን። የሚያድነውንና የሚገድለውን በአንድ ስም ጠርተን፣ ትክክለኛ ስሙን ደግሞ መጥራት ክልክል ነው እንላለን። ያን ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ላሟን አሰብኩ።

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ስለ ላሟ ነገርኳቸው። «እኔ ላም ነኝ እንዴ?» አሉና ሳቁ። ባለቤቴም ሲለምናቸው ሰምተውት ሲያበቃ ቡና ጠየቁት። ሥሩን ሰርቄ ብጥል ሌላ ይገዛሉ፤ ያኔ ደግሞ ደብቀው ነው የሚጠጡት። እኔም መርዝ ነው ማለት የቻልኩት በጥርጣሬ ብቻ ነው። ጭላሎ ላይ ስንት ዓይነት ሥር አለ! በመጨረሻ ምን እንደሆነ አጣርቼ እስክመጣ እንዲቆዩ ጠየቅኳቸው። «ዓርብ ጠዋት ነው የምጠጣው፣ በባዶ ሆዴ። እስከዚያ አጣሪ» አሉኝ። ዓርብ ሳይደርስ የሳጉሬ ገበያ ይቆም ነበር። ጊዜ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ።

በገበያው ቀን ከአሰላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሰዉ ስንዴና ገብስ ጭኖ ይተራመሳል። ሴትዮዋን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ ከአንድ ግንብ ሥር፣ ከሽንኩርት ሻጭ ጎን የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። የሥር ማሽ ክፉ ፊት ጠብቄ ነበር። የገጠሙኝ ግን ፈገግታ የማይለያቸው፣ የእጄን ቅዝቃዜ አይተው በሁለት እጃቸው የሚያሞቁልኝ እናት ናቸው። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም፤ የእሳቸውም አማርኛ እንደዚያው ነው። ሽንኩርት ሻጩ በመካከላችን ገባልን።

የሥሩን ስም ጠየቅኩ። «ላኪ፣ ላኪ» አሉ፣ አይሆንም ማለታቸው ነው። አልተገረምኩም። ስሙን ካልነገሩኝ አበባውን ይንገሩኝ ብዬ አሰብኩ፤ አበባ ሲጠራ ይረክሳል ያለ የለም።

«አበባው ምን ዓይነት ነው በላቸው። መልኩ ምንድን ነው?»

ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው በእርጋታ መለሱ፦ «አባቦን ኢሳ ጉራቻ።»

«አበባው ጥቁር ነው እያሉሽ ነው» አለኝ ሽንኩርት ሻጩ።

«ጥቁር? ሰማያዊ አይደለም?»

«ጥቁር ነው አሉሽ እኮ!» አለና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

እፎይ አልኩ። እግሬ ሁሉ ቀለለኝ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩና ጥቁር ነው፣ የእኔዋ አይደለችም አልኩት፤ «አላልኩሽም?» አለኝ፣ ቀድሞ ምንም ሳይለኝ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጬ ከደስታዬ ኋላ የሆነ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር። ጥቁር አበባ? ጭላሎን ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ጥቁር የሚያብብ አንድም ተክል አላውቅም። ምናልባት የደረቀውን ማለታቸው ይሆን? መንገዱ ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ነው፤ ከማሳው በላይ ጭላሎ ጉም ለብሶ ተቀምጧል።

መንገድ ላይ ተማሪዎች ተሳፈሩ። ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ አንዷን ከኋላ ጠራት። «አንቺ፣ ሹራብ ጉራቻ! ወራጅ አይደለሽም?»

ልጅቷ ተነሳች። ሹራቧ የትምህርት ቤት ሹራብ ነው። ጥቁር አይደለም፤ ድፍን ሰማያዊ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ያዝኳቸው። «አባባ፣ ጉራቻ ጥቁር ማለት አይደለም እንዴ?»

«ጥቁርም ነው» አሉኝ። «ይሄም እንዲህ የጠገበው ሰማያዊ ጉራቻ ነው። ሰማዩም ጉራቻ ነው። ፈጣሪን ዋቃ ጉራቻ ስንል አልሰማሽም?» እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ። ጉሙ በአንድ በኩል ተቀዶ ሰማዩ ይታያል፤ ልክ የዚያች አበባ ቀለም ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለካ እንዲህም ነው። ሽንኩርት ሻጩ አልዋሸም፤ ሴትዮዋም አልዋሹም። አማቴ ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። ደጋግሜ ደወልኩ። ገና ዓርብ አልደረሰም፣ ገና ዓርብ አልደረሰም እያልኩ አሰላ ገባሁ።

ግቢያችን በር ላይ ጎረቤቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ዓይኗን ወደ ሰፌዱ መለሰች።

«እማማ የሉም» አለችኝ።

«የት ሄዱ? በዚያ ጉልበታቸው?»

«የሉም አልኩሽ።»

ገባኝ። ኮሶም ይሁን ሌላ፣ መድኃኒት የጠጣ ሰው ያን ቀን የሰው ዓይን አያየውም። ቤቱ ተኝቶ፣ ደጅ ላይ አንድ ሰው አስቀምጦ፣ ለመጣው ሁሉ የለም ያስብላል። ይህን ልማድ ከደሴም አውቀዋለሁ። ቀኑም እንደ ስሙ አይነገርም ኖሯል፤ ዓርብ ያሉኝ ሊያሳስቱኝ ነው። ለሞተ ሰውም የምንለው ይህንኑ የሉም የሚለውን ቃል ነው፤ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ሳፋው ውስጥ አስመልሰዋል። ሳዞራቸው ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ግን በረዶ ነው።

«ከንፈሬ ጠፋብኝ» አሉኝ። በጣታቸው አፋቸውን እየዳበሱ ይፈልጉታል።

ጎረቤቴ ጮኸች፤ ባጃጅ መጣ። ተሸክመን አስገባናቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ፣ እንደኔው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር፣ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ጠየቃቸው። «እማማ፣ ምን ጠጡ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የባህል መድኃኒት ነው? ስሙን ይንገሩኝ።»

«ይረ… ይረክሳል» አሉ።

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «ይርከስ! እማማ፣ ይርከስ! ስሙ ይርከስና እርስዎ ይኑሩልኝ!» የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም፤ እያለቀስኩ ነበር።

አማቴ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው እልህ ሲለቅ ታወቀኝ፤ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ሊነግሩኝ ነው። የወጣው ግን ስም አልነበረም። ምላሳቸው አልታዘዝ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ለሀጫቸው ብቻ በአገጫቸው ወረደ። ያኔ እሳቸውም ፈሩ። ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ለዶክተሩ ሰማያዊ አበባ አልኩት፤ ጭራ ያላት፣ ከጭላሎ፣ ልብ የምታዘገይ። የማውቀውን ሁሉ ተነፈስኩት። የልብ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ አሰሩላቸው። አንዱ ምት ከሄደ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ እተነፍሳለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሮጦ መጥቶ ከእግራቸው በኩል ቆመ፤ አልቀለደም። መሽቶ ነጋ። ምቱ ቀስ በቀስ እየተቀራረበ መጣ። በማግስቱ ከሰዓት ውሃ ጠየቁ፤ ቃሉ ተኮላትፎ ነው የወጣው፣ ግን ውሃ ነበር።

ቤት ከተመለሱ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ቤቱ ሞላ። አማቴ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው እግራቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ፤ ዘረጉት፣ አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

«እዩልኝ» አሉ። «እንደ ልጃገረድ ጉልበት ቀለለኝ።»

ቤቱ እልል አለ። እኔ ብርጭቆ ይዤ መካከላቸው ቆሜ ነገርኳቸው። ያቀለላቸው ተኝተው ማረፋቸውና የሆስፒታሉ ማስታገሻ ነው፤ ሥሩ ልባቸውን ሊያቆም ነበር አልኳቸው። ምን ያህል እንደዘገየ ብርጭቆውን አስቀምጬ በእጄ እያጨበጨብኩ አሳየኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ። «እግዜር ይማራቸው» አሉ። አንዷ ግን «ኧረ ድነው የለም እንዴ፣ እቴ!» አለችኝ፣ በፍቅር ነው፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተሰነባብተው መውጣት ሲጀምሩ እያንዳንዷ ጎንበስ ብላ አማቴን ትስማለች። ያቺ ምስር ለቃሚዋ ጎረቤቴ ስማ ቀና አላለችም። የእሷም እናት በቁርጥማት ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል። አማቴ ጆሮ ሥር «ሴትዮዋ ሳጉሬ የት ጋ ነው የሚቀመጡት?» ስትል ሰማኋት።

የአማቴ ምላስ ፈጽሞ ድኖ ነበር። ግንቡን፣ ሽንኩርት ሻጩን፣ የማዳበሪያውን ቀለም ሳይቀር፣ አንዲት ቃል ሳይኮላተፉ ነገሯት።