ለጓደኛ የተጻፈ ስልክ ቁጥር

ሞጣ፣ ጋሽ ሰይድ ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ካሜራ እነካለሁ ብዬ ጸጉሬን ተተኩሼ፣ የዓውደ ዓመት ቀሚሴን ለብሼ ነው የሄድሁት። ጋሽ ሰይድ ከላይ እስከ ታች አዩኝና አንድ አሮጌ ጨርቅ ሰጡኝ። «መስታወቱን ወልውይ» አሉ። በሩ አጠገብ የተሰቀለ፣ በቁልፍ የሚዘጋ ባለ መስታወት ሳጥን ነበር። ውስጡ የሙሽሮች፣ የወታደሮችና ክርስትና የተነሡ ሕፃናት ፎቶ ተደርድሮበታል። ገበያ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የዚያን ጊዜው ማስታወቂያችን ይኸው ሳጥን ነበር።

የተቀጠርሁት ሴት ስለሆንሁ ነው። የሞጣ ነጋዴዎች ሚስቶችና ሙሽሮች ወንድ ፊት ሻሻቸውን ማስተካከል ይከብዳቸው ነበር። ጋሽ ሰይድ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ። «አንቺ ስታነሻቸው ይስቃሉ፤ እኔ ሳነሳቸው ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስላሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ያነሷቸው የድሮ ፎቶዎች ሁሉ የተቆጡ ናቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ፎቶ የሚገባው ባለቤቱ እሺ ሲል ነው። ልጅ ከሆነ ወላጅ መጥቶ እሺ ይላል። ሴት ልጅ ስትታጭ ፎቶዋ ከሳጥኑ ይወጣል። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የአንዷን ፎቶ እያሳየ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለኝ። እኔም አዋቂ ልምሰል ብዬ የአባቷን ስምና ሰፈሯን ዘረገፍሁለት። ጋሽ ሰይድ ሰውዬው እስኪሄድ ጠበቁና «እኛ መልክ እናሳያለን እንጂ ቤት አንጠቁምም» አሉኝ። ያን ቀን ውለው እስኪያመሹ አላናገሩኝም።

ጨለማ ክፍሉን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ። አንዲት ቀይ አምፖል፣ ሦስት ሳህን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ሽታ። ነጩ ወረቀት የመጀመሪያው ሳህን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቅንድብ ይመጣል፣ ከዚያ ዐይን፣ ከዚያ ሰውዬው ራሱ። ጋሽ ሰይድ በሰዓት አይለኩም ነበር። «ቢስሚላሂ» ብለው ያስገቡና በልባቸው ቆጥረው ያወጡታል። እኔም «በስመ አብ» ብዬ አስገባለሁ። ፎቶው ለሁለታችንም እኩል ይወጣ ነበር።

ከኋላ የምንዘረጋው ሸራ ላይ የዓባይ ድልድይ ተስሏል። ሠዓሊው ድልድዩን ስላሳነሰው ረጅም ሰው ሲቆምበት ዓባይን በአንድ እርምጃ የሚሻገር ይመስላል። ባላገሩ ግን ይወደው ነበር። አንዱ ከቆላ የመጣ ሰውዬ «እትዬ፣ ድልድዩ በደንብ ይታይ፤ እኔን ትንሽ ወደ ዳር አድርጊኝ» አለኝ። ወደ ዳር፣ ወደ ዳር ስንባባል ለድልድዩ ሲል አንድ ትከሻውን ከፎቶው አስወጣ። ሲረከብም ደስ ብሎት ሄደ።

የጋሽ ሰይድ ዐይን ሲደክም አንዱን ካሜራና ያን ሸራ ሰጥተው፣ መርቀው ሸኙኝ። እኔም ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ቢቸና ተመልሼ በስሜ ፎቶ ቤት ከፈትሁ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ቅዳሜ ገበያ ሲውል ሰው በሬ ሸጦ ሲመለስ ከነዱላው ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ካሜራውን ኪሱ ከተተ። ለእኛ የቀረልን ጉርድ ፎቶና ምረቃ ሆነ።

የምረቃ ሥራ ግን ደስ ይለኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋዋን ለብሰው ይነሳሉ፤ መጽሔታቸውንም እኔ አዘጋጃለሁ። መጽሔቱ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የቅጽል ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የመሰነባበቻ ቃልና ስልክ ቁጥር ይወጣል። ለእነሱ ዋናው ስልኩ ነው። ከየገጠሩ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ድስት ላይ እየበሉ ዓመታት አብረው ይኖራሉ። ፈተናው ሲያልቅ በአንድ ሳምንት ይበተናሉ። እንዳይጠፋፉ ብለው ነው ቁጥራቸውን የሚጽፉት።

ማስተዋል የምትባል ልጅ ከቁጥሯ ሥር «እባካችሁ እናንተ ደውሉ፣ እኔ ካርድ ስለማይኖረኝ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ሳነበው አንጀቴን በላችው። እናቷን የሺሐረግን አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ ጤፍ ትቸረችራለች። ሌላው ተማሪ ሲስቅ ሲሻማ ማስተዋል ጥግ ቆማ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ ነበረች።

እኔም ከዘመኑ ላለመቅረት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለፎቶ ቤቱ ገጽ ከፈትሁ። በስተርጅና መሆኑ ነው። የምረቃ ፎቶ ስለጥፍ የቢቸና፣ የሞጣ፣ የሉማሜ ወጣት ሁሉ ተከታዬ ሆነ። ከዚያ ነጋዴው መጣ። ጫማ ሻጩ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም «እትዬ፣ ልጆቹ ውለው የሚያድሩት ያንቺ ገጽ ላይ ነው፤ እኔንም አስተዋውቂኝ» ይለኛል። ካሜራው ባያበላኝ ገጹ ያበላኝ ጀመር።

አንዱ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ይዞ መጣ። «ሴቶቹ ልጆች ያብዱልሻል፣ ለጥፊልኝ» አለ።

«አንተ ትቀባዋለህ?» አልሁት።

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ!»

«እንግዲያው እነሱስ ምን በወጣቸው?» ብዬ መለስሁት። ያን ቀን ራሴን አዋቂ አድርጌ ቆጥሬ ስኩራራ ዋልሁ። ሰውዬው ፊቴ ስለቆመ፣ ዐይን ዐይኑን እያየሁት ስለነበር ብቻ እምቢ ማለት እንደ ቀለለኝ አልገባኝም።

በዚያው ክረምት ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ሥራዬን አይተው እንዲመጡ መጽሔቱን ገጽ በገጽ ለጠፍሁት። ከነስልኩ፣ ከነቀበሌው፣ ከነቅጽል ስሙ። ልጆቹ ወደዱት፣ ተቀባበሉት። አንድ መምህር ብቻ «ስልካቸው ቢሸፈን አይሻልም?» ብሎ ጻፈልኝ። «ስልክ እኮ የሚጻፈው እንዲደወልበት ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሴን ብዙ ሰው ወደደልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው በጽሑፍ አናገረኝ። አዲስ አበባ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፣ መልካም ጠባይ ያላቸው ወጣት ሴቶች እቀጥራለሁ፣ ማደሪያም አለው አለ። የማስታወቂያውን ዋጋ ሳይከራከር ወዲያው ላከ። ፊቱን አላየሁ፣ ድምፁን አልሰማሁ። «እናቴ» እያለ ስለጻፈልኝ ብቻ ጨዋ መሰለኝ። ለጠፍሁለት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጧት፣ ገና በሩን እንደከፈትሁ፣ የማስተዋል እናት የሺሐረግ በጣሳ ቅቤ ይዛ ገባች። ፊቷ በርቷል።

«ጥሩወርቅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ልጄን ለወግ አበቃሽልኝ» አለች።

«ምን አድርጌ?»

«ምን አድርጌ ትላለች እንዴ! ሥራ ያስገባሻት አንቺ አይደለሽ? ሰውዬው እኮ ከጥሩወርቅ ፎቶ ቤት ነው የምደውለው ብሎ ነው የደወለላት። ቅጽል ስሟን ይጠራታል፣ ቀበሌያችንን ያውቃል። የመኪናውንም ላከላት። ዛሬ ጧት ተሳፈረች።»

ጣሳውን መቀበል አቃተኝ። ስለ ማስተዋል ለማንም አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሰውዬው ስሟንና ቀበሌዋን ከየት እንዳገኘ ግን እዚያው ቆሜ ገባኝ። ደወልሁላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። «መንገድ ላይ ስልክ ይሰረቃል፣ አጥፍተሽ ያዢ ብሏታል» አለችኝ እናቷ። ያደረግሁትን ስነግራት የሺሐረግ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የልጅቱን ፎቶ ገጹ ላይ ማውጣት ነው። «ይህችን ልጅ ያያችሁ» ብዬ መጻፍ ስጀምር የሺሐረግ እጄን ያዘችኝ።

«በሞቴ፣ እንዳታወጫት። ነገ ተመልሳ እዚሁ አገር ትኖር የለም ወይ?»

የጻፍሁትን አጠፋሁት።

ደጀን ላይ ደስታ የሚባል ባለ ፎቶ ቤት ወዳጅ አለኝ፤ ወረቀት ሲያልቅብኝ በመኪና የሚልክልኝ። ከእኛ በኩል የሚሄድ መኪና ወደ ዓባይ ከመውረዱ በፊት ደጀን ለቁርስ ይቆማል። ፎቶዋን ለደስታ ብቻ ላክሁለት። «ከመኪናው አውርድልኝ፤ ሰው ፊት ግን እንዳታሳፍራት» አልሁት። ደስታ ጉርድ ፎቶ ሊያነሳው ያስቀመጠውን ሰው እንኳ ሳይሰናበት ሮጠ።

እኔና የሺሐረግ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ተያየን። ያን ያህል ረጅም ጥበቃ ጠብቄ አላውቅም። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን።

«አግኝቻታለሁ፤ አትወርድም» አለ ደስታ። «አንተም ፎቶዬን ይዘህ ነው የመጣኸው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ልክ ነበረች። የማታውቀው ወንድ ፎቶዋን በስልኩ ይዞ፣ ስሟን ጠርቶ፣ ጥሩወርቅ ልካኝ ነው ይላታል። ያኛውም ያላት ይህንኑ ነው። «ስጣት» አልሁት።

«እትዬ ጥሩወርቅ?» አለች ማስተዋል።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ውረጂ።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ሥራውን የሰጡኝ? አሁን ደግሞ ውረጂ ይሉኛል። ለሌላ ሰው ሊሰጡብኝ ነው?»

ከኋላዋ ረዳቱ «የወረደ ካለ ግባ፣ ልንሄድ ነው!» ሲል ይሰማኛል። እናትሽ ታማለች ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ቀላሉ እሱ ነው፤ ትወርድልኝ ነበር። ግን የአሁኑን ውሸት ሰምታ ብትመለስ ነገ ሰውዬው መልሶ ሲደውልላት ትሄዳለች።

«ማስተዋል፣ እኔ ሥራ አልሰጠሁሽም። ስልክሽን ሳልጠይቅሽ ገጹ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ከዚያ ላይ ነው ያገኘው።»

«ማስታወቂያውንስ እርስዎ አይደሉ ያወጡት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሰውዬው ማን ነው?»

«አላውቀውም።»

የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

«ሳያውቁት ነው?» አለችኝ። ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ሳላውቀው ነው። አይቼው አላውቅም። ድምፁንም አልሰማሁም።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጫጫታ ብቻ ነው፤ ሰው ይጯጯሃል፣ ጡሩንባ ይነፋል። የሺሐረግ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታየኛለች። በመጨረሻ ደስታ ስልኩን ተቀበለ። «ወርዳለች። ሻንጣዋን ከላይ እያወረዱላት ነው» አለ። የሺሐረግ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ።

ደስታ ራሱ እስከ ቢቸና አደረሳት። እናቷ መናኸሪያው ላይ አቅፋ አልለቅ አለቻት። እኔን ማስተዋል ሰላም አላለችኝም፤ አልፈረድሁባትም። ለእሷ በዚያ ቀን የጠፋው ደመወዝ ነው፣ እናቷን ከገበያ ፀሐይ የምታሳርፍበት ተስፋ ነው። የሰውዬውን ቁጥር ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃላችንን ተቀበሉን፤ ስልኩ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

መጽሔቱን ከገጼ አጠፋሁት። ሌሎች ግን ወስደው በየራሳቸው ገጽ ለጥፈውት ነበር። አንዱን አጥፋልኝ ብዬ ስለምነው «እርስዎ ለጥፈውት የለም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ የታተመውን መጽሔት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሬ መደወል ያዝሁ። የመጀመሪያው የሉማሜ ልጅ ነበር፤ ፎቶ ሲነሳ ሲቀልድ፣ ኮፍያውን ሲወረውር ያስቸገረኝ። ማን እንደሆንሁ ስነግረው እንደ ድሮው ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቁጥሬን ማን ሰጠዎት?» አለኝ ፈራ ተባ እያለ።

«አንተ ለጓደኞችህ ጽፈኸው ነበር። እኔ ለሰው ሁሉ አወጣሁት» አልሁት። የሚጠይቀውን ሁሉ መለስሁለት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፍሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰውዬው ለሌሎች ሁለት ልጆችም ደውሎ ነበር፤ አንዷ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነው ያገኘኋት።

ዛሬ ፎቶ ቤቱን አስረክቤ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ሥራውን ለያዛችሁት የምለው አጭር ነው። ማስታወቂያ የሚያሠራችሁን ሰው ማን መሆኑን ሳታረጋግጡ አታውጡለት። የልጆችን ስልክና ሰፈር አትለጥፉ፤ ፎቷቸውንም ቢሆን ጠይቃችሁ ለጥፉ። እኔ ሰውዬውን ማን ነህ ሳልለው፣ ልጅቱን ፈቀድሽ ወይ ሳልላት፣ ማስተዋልን እስከ ደጀን ድረስ ሸኝቻታለሁ።