ናይሮቢ ላይ ያደረግኩት ግለ ሂስ

ከኮልፌ የወጣሁት ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ናይሮቢ ሲልከኝ፣ እንደማልመለስ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ለሦስት ሳምንት መንገድ እንባ ካዩብን ይነቁብናል ብላ ፌርማታ ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም።

የናይሮቢ ብርድ የኛን ሰፈር ይመስላል። ሻዩን ግን ከወተት ጋር አብረው ያፈሉታል፤ ሻይ ይሁን ወተት እስካሁን አልገባኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ዐሥር ቀን ሲቀረው አንድ የኮምፒዩተር ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝ። ሥራውን ካጣሁ መመለሻዬ ቦሌ ነው፤ ከቦሌ ወዴት እንደሚወስዱኝ እግዜር ይወቅ።

ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ለደንበኛ የሠሩትን ፕሮግራም ይንገሩን» አለኝ ባለመነጽሩ።

«ለአንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ መመዝገቢያ ሠርተናል።»

«ማን መራው?»

«ሁላችንም።»

«የተሳሳቱት ነገር ነበር?»

ይኼኔ ነቃሁ። እንዳትስቁብኝ፤ በየሳምንቱ ግለ ሂስ አድርጊ እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስትናገሪ አንዱ ይጽፋል፣ የተጻፈው ይቀመጥልሻል። ይሄ ወረቀት አገር ቤት ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል እያልኩ አሰብኩ።

«አልነበረም።»

«ከባልደረባ ጋር አለመግባባትስ?»

«በሙሉ ድምፅ ነው የተስማማነው።»

ተያዩ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለች። ሥራው ሲያመልጠኝ በዓይኔ አየሁት።

እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ተናገርኩ። መሪዋ እኔ ነበርኩ። ባልደረባዬ ተፈራ ሳንፈትነው አናስረክብ አለኝ፤ እኔ ለአብዮት በዓል ይድረስ ብዬ አስረከብኩ። ፕሮግራሙ መጋዘን ሙሉ ዕቃ እያለ የለም አለ። አሻጥር የሠራው ማነው ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ተፈራ ላይ ጠቆሙ፤ እኔ ዝም አልኩ። ወሰዱት። ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም ነበር።

ሦስቱም ጻፉ። ከዚያ ባለመነጽሩ «ሰኞ ይጀምሩ» አለኝ። ጥፋትን ተናግሮ ሥራ ማግኘት የት አገር አለ? እውነት መሆኑን እስክፈርም አላመንኩም።

ኮልፌ ደውዬ እናቴን ጎረቤት ሱቅ አስጠራኋት።

«ሥራ አገኘሁ፣ እማዬ።»

«ተመስገን።»

«ተፈራስ ተፈታ?»

ከኋላዋ ሬድዮ ሲያወራ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ሰው ድምፁን ቀነሰው።

«ሁላችንም ደህና ነን ልጄ» አለች።

ደግሜ አልጠየቅኳትም። እኔ ብጠይቃት፣ እነሱ ደግሞ እሷን ነው የሚጠይቋት።